የወረቀቱ ካርታ ቀርቷል፤ እርማቱስ ትንሿ ጀልባ ድረስ ይደርሳል?

በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ትንሽ ጀልባ የሚነዱ ሰዎች ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ሁለት ነገር ተደራርቦባቸዋል። መጀመሪያ መንግሥት የለመዱትን የወረቀት የባሕር ካርታ ማዘጋጀቱን አቆመ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ውኃው ላይ ሆነው ለጀልባ መንገድና አደጋ ከሚያሳዩት ተንሳፋፊ ምልክቶች 350 ያህሉን ለማንሳት ሐሳብ ቀረበ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወዲያው ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ስልክ በእጁ እያለ ማን ወረቀት ይዘረጋል?» ይላል። ሌላው «ጂፒኤሱ የጠፋ ቀን ምን ሊውጣችሁ ነው?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ጥያቄ ተገቢ ነው። ግን ሁለቱም አንድ ነገር ይዘላሉ። ወረቀትም ይሁን ስክሪን፣ ትናንት ባሕሩ ላይ የተለወጠው ነገር ዛሬ ጀልባው ላይ ካልደረሰ ካርታው ያሳስታል። በዚህ ቅብብሎሽ ውስጥ ደግሞ ማንም የማይቆጣጠራት ትንሿ ጀልባ ናት።

በትክክል የቆመው ምንድን ነው?

የአሜሪካን የባሕር ካርታ የሚያዘጋጀው የአገሪቱ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ነው። በአጭሩ ኖዋ ይባላል። ኖዋ በ2019 መገባደጃ ላይ የተለመዱትን ካርታዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንደሚያስቀር አስታወቀ። ሥራው በ2025 መጀመሪያ ተጠናቀቀ። ከአንድ ሺህ በላይ ካርታዎች ነበሩ።

ነገሩ ግን «ወረቀት ጠፋ» እንደሚባለው አይደለም። ኖዋ በድረ ገጹ ላይ ማንም ሰው የሚፈልገውን አካባቢ መርጦ፣ መጠኑን ወስኖ፣ ራሱ የሚያትመውን ካርታ በነፃ ያቀርባል። የቀረው መንግሥት ቆርጦና ቁጥር ሰጥቶ ያዘጋጀው የነበረው ካርታ ነው። ማተሚያው አሁን ቤትህ ወይም ሰፈርህ ያለው የኅትመት ሱቅ ሆኗል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የተወናበደው ከወረቀቱ ይልቅ በሌላ ነገር ነው። ኤሌክትሮኒክ ካርታ ሁለት ዓይነት ነው። ራስተር የሚባለው የወረቀቱ ካርታ ፎቶ ነው ማለት ይቻላል፤ ስታጎላው ምስሉ ብቻ ይተልቃል። ቬክተር የሚባለው ደግሞ የመረጃ ቋት ነው። እያንዳንዱ ዐለት፣ እያንዳንዱ መብራት፣ እያንዳንዱ ጥልቀት ለየብቻው ተመዝግቦ ይቀመጣል። ምን ይታይ፣ ምን ይደበቅ የሚለውን መሣሪያው ይወስናል። ኖዋ ያቆመው ወረቀቱንና ራስተሩን አንድ ላይ ነው። ቬክተሩን ግን በየሳምንቱ ያድሳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በብዙ ስልክና በብዙ የጀልባ ስክሪን ላይ የድሮው ራስተር አሁንም አለ። ሲከፍቱት ይከፈታል። ቀለሙ ያው፣ መልኩ ያው። ግን ከቆመበት ቀን ወዲህ አንድም እርማት አልገባበትም። ያረጀ ወረቀት ቢያንስ ይቀደዳል፣ ይደበዝዛል። ያረጀ ስክሪን ላይ ግን እርጅናው አይታይም።

ሌላም አለ። የቬክተሩ መረጃ ጥልቀትን የሚያስቀምጠው በሜትር ነው። የድሮው የአሜሪካ ወረቀት በጫማ ወይም በፋተም ነበር (አንድ ፋተም ስድስት ጫማ ነው)። መሣሪያው ወደ ፈለግኸው መለኪያ ይቀይርልሃል፤ ግን የትኛው ላይ እንደተስተካከለ ማየት ያንተ ሥራ ነው። ስክሪኑ ላይ «6» የሚል ቁጥር አየህ እንበል። ስድስት ሜትር ከሆነ ሃያ ጫማ ገደማ ነው፤ ምንም አያሳስብም። ስድስት ጫማ ከሆነ ግን ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም። ታችዋ አንድ ሜትር ተኩል ውኃ ውስጥ የሚገባ ባለ ሸራ ጀልባ እዚያ ላይ ትንሽ ሞገድ ካገኛት መሬት ትነካለች።

እርማቱ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል?

የክረምት በረዶ አንድን ተንሳፋፊ ምልክት ጎትቶ ከቦታው ቢያነሳው ምን ይሆናል? መጀመሪያ ያየው ሰው ለባሕር ጠረፍ ጥበቃው፣ ለኮስት ጋርድ፣ ይናገራል። ኮስት ጋርድ ነገሩ አጣዳፊ ከሆነ በሬዲዮ ያውጃል። ጀልባዎች በሚጠቀሙበት ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ቻናል 16 ላይ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ መምጣቱን የሚያሳውቀውን «ሴኩሪቴ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ይጠራና ሰሚውን ወደ ቻናል 22ኤ ያዛውራል። ዝርዝሩ እዚያ ይነበባል። ቀጥሎ ለባሕረኞች በሚወጣው የአካባቢ ማስታወቂያ ላይ በጽሑፍ ይሰፍራል። ከዚያ ኖዋ በሳምንታዊ እድሳቱ ቬክተር ካርታው ላይ ያስገባዋል።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የመንግሥት ነው። በአብዛኛውም በደንብ ይሠራል። ከዚህ በኋላ ግን ሁለት እጅ ይቀራል። አንደኛው የአፑ ወይም የመሣሪያው አምራች ኩባንያ ነው። መረጃውን ከመንግሥት ወስዶ በራሱ መልክ ያዘጋጃል፤ በራሱ ጊዜም ይለቅቃል። ሁለተኛው የጀልባው ባለቤት ነው። «አድስ» የሚለውን መጫን የእርሱ ፋንታ ነው። የዓመት ክፍያው ካለቀም፣ ብዙ ጊዜ ካርታው ሳይዘጋ እድሳቱ ብቻ ይቆማል።

ትልልቅ የንግድ መርከቦች ላይ ይህ የሕግ ጉዳይ ነው። የታደሰ ካርታ መያዝ ግዴታ ነው። እርማቱን የሚከታተል መኮንን አለ። ወደብ ላይ መርማሪ ገብቶ ሊያይ ይችላል። በአሜሪካ ለመዝናኛ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ ግን በፌዴራል ሕግ ካርታ እንዲይዝ እንኳ አይገደድም። የሕይወት አድን ጃኬት፣ እሳት ማጥፊያ፣ የአደጋ ምልክት መያዝ አለበት። ካርታ ግን በፈቃዱ ነው። ስለዚህ መረጃው በነፃና በየሳምንቱ ቢወጣም፣ መጨረሻ ላይ የሚወስነው የአንድ ሰው ልማድ ነው።

ባልቲሞር ላይ የታየው

ነገሩን በተግባር ያሳየ አጋጣሚ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት አካባቢ ተፈጥሯል። ማርች 26 ቀን 2024 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ዳሊ የተባለችው የኮንቴይነር መርከብ ኃይል አጥታ የባልቲሞርን የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ መታች። ድልድዩ በሰከንዶች ውስጥ ፈረሰ። መንገዱን ሲጠግኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ።

በዚያች ሌሊት የአካባቢው ካርታ በሙሉ ስህተት ሆነ። ካርታው ላይ ከውኃው 185 ጫማ ከፍ ብሎ የሚያሳልፍ ድልድይ አለ። ወንዙ ላይ ግን ያለው የተጠማዘዘ ብረት ነው፤ የሚበዛውም ከውኃው በታች ነው። ኮስት ጋርድ በዙሪያው 2,000 ያርድ ከለከለ። ይህም ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ እንበል። ኤፕሪል 1 ላይ 11 ጫማ ጥልቀት ያለው ጊዜያዊ መተላለፊያ ተከፈተ፤ ለዕርዳታውና ለጽዳቱ ሥራ ለሚያስፈልጉ ጀልባዎች። ቀጥሎ 14 ጫማ የሆነ ሌላ መተላለፊያ መጣ። በኤፕሪል መጨረሻ 35 ጫማ የሆነው ተጨመረ። ዋናው መተላለፊያ በ700 ጫማ ስፋትና በ50 ጫማ ጥልቀት ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ጁን 10 ላይ ነው። በአሥራ አንድ ሳምንት ውስጥ መንገዱ ደጋግሞ ተለወጠ። እያንዳንዱ መተላለፊያ የራሱ ምልክት፣ የራሱ ጥልቀት፣ የራሱ ፈቃድ ነበረው።

ይህን ሁሉ ኮንቴይነር የጫነ መርከብ ወደ ወደብ መርቶ በሚያስገባው ፓይለትና በወኪሉ በኩል ይሰማል። ቅዳሜ ከሰዓት ዓሣ ሊያጠምድ የወጣ ሰው ግን ወይ ሬዲዮውን ይከፍታል፣ ወይ ማስታወቂያውን ያነባል፣ ወይ የጥበቃ ጀልባ መጥቶ ይመልሰዋል። አራተኛ መንገድ የለም። አዲሱ ድልድይ እስኪቆም ድረስም በዚያ ውኃ ላይ ክሬንና የሥራ ጀልባ ስለሚንቀሳቀስ ማስታወቂያው አይቋረጥም።

ስክሪኑ የሚደብቀው

የታደሰ ቬክተር ካርታ ይዞ መውጣትም ብቻውን አይበቃም። ቬክተር ካርታ ራቅ ብለህ ስታየው ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ዝርዝሩን ይቀንሳል። የሚቀነሰው አንዳንድ ጊዜ ዐለት ነው።

ኖቬምበር 29 ቀን 2014 ምሽት ዓለምን በሚዞር የሸራ ጀልባ ውድድር ላይ የነበረችው ቬስታስ ዊንድ ከሞሪሸስ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው የካርጋዶስ ካራሆስ ኮራል ዐለት ላይ ወጣች። ውድድሩ ከኬፕ ታውን ወደ አቡ ዳቢ ነበር። ጀልባዋ ላይ የነበሩት ዘጠኙም ሰዎች ተርፈዋል። እነዚህ ሰዎች ጀማሪ አልነበሩም። መሣሪያቸውም ምርጥ ነበር። ግን አካባቢውን ስክሪናቸው ላይ በበቂ መጠን አጉልተው አላዩትም። ባላጎሉት ካርታ ላይ ዐለቱ በቅጡ አይታይም ነበር። የወረቀት ወዳጆች ይህን ታሪክ ደጋግመው የሚያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ወረቀት ላይ የታተመ ነገር ስላላጎላኸው አይጠፋም።

በሌላ በኩል ወረቀቱም ቢሆን ከሚገባው በላይ ይታመናል። ኖዋ ራሱ ለዓመታት ሲያስረዳ እንደኖረው፣ በአሜሪካ ካርታዎች ላይ ካለው የጥልቀት መረጃ ግማሽ ያህሉ ከ1940 በፊት የተለካ ነው። ያኔ ልኬቱ የሚካሄደው ጫፉ ላይ እርሳስ የታሰረበት ገመድ ወደ ውኃው በመጣል ነበር። ገመዱ ያረፈበት ነጥብ ይታወቃል። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ዐለት ግን ሊታለፍ ይችላል። ጂፒኤስ የአንተን ቦታ በጥቂት ሜትር ልዩነት ያሳያል። ካርታው ላይ ያለው ዐለት ግን ከሰማንያ ዓመት በፊት በነበረ መሣሪያ ተለክቶ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ቬክተር ካርታ የልኬቱን ታማኝነት በደረጃ የሚያሳይ መረጃ የሚይዘው። ከሁሉ የተሻለው ኤ1 ይባላል፤ ዲ ደግሞ ደካማው ነው። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ከፍቶት አያውቅም። ቢከፍተው ይጠቅመዋል።

ምልክቶቹ ይነሱ ወይስ ይቆዩ?

ወደ ሁለተኛው ክርክር እንምጣ። በ2025 ጸደይ ኮስት ጋርድ ከሜይን እስከ ኒው ጀርሲ ባለው ጠረፍ 350 ያህል ተንሳፋፊ ምልክቶችን ለማስቀረት ያሰበውን ዝርዝር አወጣ። እስከ ጁን አጋማሽ የሕዝብ አስተያየት ተቀበለ።

የኮስት ጋርድ ክርክር ቀላል አይደለም። ብዙዎቹ ምልክቶች የተተከሉት ጂፒኤስና ኤሌክትሮኒክ ካርታ ከመምጣታቸው በፊት ነው። እያንዳንዱ ምልክት ሰንሰለት፣ መልህቅ፣ መርከብና ሠራተኛ ይፈልጋል። በየጊዜው ይነሳል፣ ይጸዳል፣ ይቀባል፣ ይመለሳል። ገንዘቡና ጊዜው ወሳኝ ለሆኑት ምልክቶች ቢውል ይሻላል የሚል ሐሳብ ነው።

ተቃዋሚዎቹ በአብዛኛው ትንንሽ ጀልባ ያላቸው፣ ሎብስተር አጥማጆችና የወደብ ከተሞች ነዋሪዎች ናቸው። የሜይን ጠረፍ ዐለት የበዛበትና ጉም የሚወርድበት ነው። ጉም ሲወርድ ደወል ወይም ፉጨት ያለው ምልክት በጆሮ ይገኛል። ስክሪኑ ልክ ይሁን አይሁን የሚፈተነውም በዚያው ምልክት ነው። ካርታው «ምልክቱ በቀኝህ መቶ ሜትር ላይ ነው» ሲል ቀና ብለህ ካየኸው ሁሉም ነገር ደህና ነው። ካላየኸው አንድ ነገር ተሳስቷል። ምልክቱ ከተነሳ ይህ ማመሳከሪያ አብሮ ይሄዳል።

መካከለኛ መፍትሔ ሆኖ የሚቀርበው ምናባዊ ምልክት ነው። ውኃው ላይ ምንም ነገር የለም፤ መርከቦች ማንነታቸውን በሚለዋወጡበት ኤአይኤስ በተባለው የሬዲዮ ሥርዓት በኩል ስክሪን ላይ ብቻ ይታያል። ድንገተኛ አደጋ ያለበትን ቦታ በደቂቃ ውስጥ ለማመልከት ግሩም ነው። ነገር ግን ኤአይኤስ ለሌለው ቀዛፊ የለም ማለት ነው። ጂፒኤስ ሲሳሳትም አብሮ ይሳሳታል። ስለዚህ ለትልቅ መርከብ ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ ለትንሽ ጀልባ ግን ውኃ ላይ የቆመውን ምልክት ይተካል ማለት ይከብዳል።

በነገራችን ላይ ምልክቶቹ ራሳቸው በዓለም ላይ አንድ ዓይነት አይደሉም። በአሜሪካ ከባሕር ወደ ወደብ ስትገባ ቀዩ ምልክት በቀኝህ ይሆናል። በአውሮፓ፣ በቀይ ባሕርና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በግራህ። በዱባይ ወይም በግሪክ ጀልባ መንዳት ለምዶ ቨርጂኒያ ላይ ጀልባ የሚከራይ ሰው ይህን ካላወቀ መንገዱን ገልብጦ ያነባል።

ጂፒኤስ ሲታፈን

ጂፒኤስ ከሕዋ የሚልከው የሬዲዮ ምልክት ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። ስለዚህ በሁለት መንገድ ሊረበሽ ይችላል። አንደኛው ማፈን ነው፤ ጠንካራ የሬዲዮ ጩኸት ይለቀቅና ተቀባዩ ምንም አይሰማም። ሁለተኛው ማታለል ነው፤ ሐሰተኛ ምልክት ይላክና ተቀባዩ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለዋል። ሁለተኛው ይከፋል። የታፈነ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ «ጠፍቶብኛል» ይላል፤ የተታለለ ግን በልበ ሙሉነት ይዋሻል።

ቀይ ባሕር ላይ ይህ የወሬ ጉዳይ አይደለም። ኤምኤስሲ አንቶኒያ የተባለችው ኮንቴይነር ጫኝ ሜይ 10 ቀን 2025 ከጅዳ አቅራቢያ መሬት ነክታ ቆመች። ተንታኞች የጂፒኤስ መረበሽን በዋና ምክንያትነት ጠቅሰዋል። አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ጭነት በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ እዚያ ያለው የመርከብ አደጋ ውሎ አድሮ አዲስ አበባ ገበያም ይደርሳል።

ታዲያ ይህ ለሜሪላንድ ወይም ለማሳቹሴትስ ጀልባ ነጂ ምን ያህል ያሰጋል? ማጋነን አያስፈልግም። በአሜሪካ ጠረፍ እንዲህ ያለ ረብሻ ብዙም አያጋጥምም። እዚያ ጂፒኤስን የሚያጠፋው በአብዛኛው ተራ ነገር ነው። ባትሪ ያልቃል። ስልኩ ውኃ ይገባበታል። የቻርጀሩ ገመድ ጨው ይበላዋል። ውጤቱ ግን ያው ነው። ቀድሞ ለጂፒኤስ ምትክ ይሆን የነበረው ሎራን ሲ የሚባለው የሬዲዮ ሥርዓት በአሜሪካ የተዘጋው በ2010 ነው። ከዚያ ወዲህ ለትንሽ ጀልባ የቀረው ምትክ ኮምፓስ፣ ጥልቀት መለኪያ፣ ዓይንና ውኃው ላይ የቆመው ምልክት ነው። ከእነዚህ አንዱን ለመቀነስ ሲታሰብ ሰው መጮሁ አያስገርምም።

ግን ሰው የሚሞተው በምንድን ነው?

ክርክሩን በልኩ ለማየት የኮስት ጋርድን የ2023 አኃዝ ማየት ይጠቅማል። በዚያ ዓመት በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 564 ሰዎች ሞተዋል። የሞታቸው ምክንያት ከታወቀው ውስጥ 75 በመቶው የሰጠሙ ናቸው። ከሰጠሙት 87 በመቶው የሕይወት አድን ጃኬት አልለበሱም ነበር። ለሞት በሚያበቁ አደጋዎች ውስጥ አልኮል ከሚታወቁት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ነው። ያረጀ ካርታ ከዚህ ዝርዝር አናት ላይ የለም።

ይህ ካርታው አያስፈልግም አያሰኝም። ከአደጋ መንስኤዎቹ መካከል በየዓመቱ ከላይ የሚቀመጡት የነጂው ትኩረት ማጣትና ዙሪያን በአግባቡ አለማየት ናቸው። ስክሪን ላይ አቀርቅሮ የሚነዳ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ያሟላል።

ቀጥሎ የሚጠበቀው

ወረቀቱ በአሜሪካ ተመልሶ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። እንግሊዝ ግን ትንሽ አመንትታለች። የአገሪቱ የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤት በ2022 የወረቀት ካርታን እስከ 2026 መጨረሻ እንደሚያቆም ተናግሮ ነበር። ተጠቃሚው፣ በተለይም የትንሽ ጀልባ ባለቤቱ፣ ምትኩ ገና አልተዘጋጀልኝም ሲል ቀኑን ቢያንስ ወደ 2030 ገፋው። ትልልቅ መርከቦች የጸደቀ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት አላቸው። ለትንሽ ጀልባ ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ነገር በስፋት የለም።

እስከዚያው ሸክሙ የጀልባው ባለቤት ላይ ነው። ካርታውን ከቤት ሳይወጡ በዋይፋይ ማደስ ይሻላል፤ ከጠረፉ ሲርቁ የስልክ ኔትወርክ ይጠፋል። የካርታውን ዓይነትና የታደሰበትን ቀን ማየት ያስፈልጋል። የሚኬድበትን መንገድ ከመነሻ እስከ መድረሻ አጉልቶ አንድ ጊዜ መከተል ደግሞ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። ከወደብ ሳይወጡ ሬዲዮውን 16 ላይ መክፈት፣ መንገድ ላይም ጥልቀት መለኪያው የሚለውን ካርታው ከሚለው ጋር ማስተያየት ይገባል፤ ባሕሩ ሞልቶ ወይም ጎድሎ እንደሆነ ታስቦ ማለት ነው።

ምልክቶቹን በተመለከተ ደግሞ እያንዳንዱ ለውጥ ከመደረጉ በፊት በአካባቢው የባሕረኞች ማስታወቂያ ላይ «የታሰበ ለውጥ» ተብሎ ይወጣል፤ አስተያየት የሚላክበት አድራሻና የመጨረሻ ቀንም አብሮ ይሰፍራል። «ምልክቱ ያስፈልገናል» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ የምልክቱን ቁጥር፣ ጀልባው የሚያልፍበትን ሰዓትና ወቅት፣ ምልክቱ ባይኖር በምን እንደሚተካ የሚገልጽ ደብዳቤ ለወሳኙ መኮንን የበለጠ ይጠቅመዋል።